ጠበል፣ ቀዶ ሕክምና እና የእናታችን ውሳኔ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ሰላመ እግዚአብሔር ከሁላችሁ ጋር ይሁን።

የዛሬው ጉዳይ በብዙ ቤት አለ። እናት ወይም አባት በዕድሜ ገፍተዋል። ካንሰር ተገኘባቸው። ሐኪሙ «ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል» አለ። ቤተሰቡ ወዲያው ተከፋፈለ። አንዱ «ጠበል እናስገባቸው» ይላል። ሌላው «በዚህ ዕድሜያቸው ቢላ አይነካቸውም» ይላል። አሜሪካ ያለችው ልጅ በስልክ «ዛሬውኑ ይሠሩ፣ ብሩን እኔ እልካለሁ» ትላለች። አንድ ዘመድ ደግሞ የባህል መድኃኒት አዋቂ ስልክ ቁጥር ይዞ ይመጣል። ሁሉም በፍቅር ነው የሚናገሩት። ግን ክርክሩ ሳይታወቅ «እምነት አለህ ወይስ የለህም?» ወደሚል ይዞራል። ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ከመጽሐፍ እንጀምር። ቤተ ክርስቲያናችን ከምትቀበላቸው 81 መጻሕፍት አንዱ መጽሐፈ ሲራክ ነው። ምዕራፍ 38ን ዛሬ ማታ አውጥታችሁ አንብቡት። ሐኪምን አክብረው፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር ነው፣ አስተዋይ ሰው አይንቀውም ይላል። ቀጥሎ በሽተኛውን ይመክራል። ስትታመም ቸል አትበል፣ ጸልይ፣ ከኃጢአትህ ተመለስ፣ መባህን አቅርብ፤ ሐኪሙም ከአንተ አይራቅ፣ ያስፈልግሃልና ይላል። ሐኪሙ ራሱ ሥራው እንዲቃናለት እንደሚጸልይም ይናገራል። ጸሎትና ሕክምና በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ያጣላናቸው እኛ ነን።

የንጉሥ ሕዝቅያስን ታሪክ ደግሞ በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 20 ታገኙታላችሁ። ለሞት ታመመ፣ አለቀሰ፣ ጸለየ። እግዚአብሔርም «እፈውስሃለሁ» አለው፤ 15 ዓመትም ጨመረለት። የተስፋው ቃል ከወጣ በኋላ ግን ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አስመጥቶ በእባጩ ላይ አስደረገ። ነቢይ ቆሞ፣ የአምላክ ቃል ወጥቶ፣ መድኃኒቱ አልቀረም። እንዲህ ያለ የተስፋ ቃል በስማችን ያልተነገረን እኛ መድኃኒቱን በምን ድፍረት ነው የምንገፋው?

«ንጉሥ አሳስ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ በ2ኛ ዜና መዋዕል 16፥12 አሳ እግሩን ታምሞ ወደ ሐኪሞች እንደሄደ ተጽፏል፤ ተነቅፏልም። ጥቅሱን ሙሉውን እናንብበው። የተነቀፈው እግዚአብሔርን ስላልፈለገ ነው። ሐኪም ቤት የሚሄድ ሁሉ እግዚአብሔርን ረስቷል ማለት ከሆነ ቅዱስ ሉቃስን ምን ልናደርገው ነው? ሐዋርያው ጳውሎስ «የተወደደው ባለ መድኃኒቱ» ብሎ ነው የጠራው። በአራተኛው መቶ ዓመት የነበረው ቅዱስ ባስልዮስም የሕክምና ጥበብ ከእግዚአብሔር የተሰጠ መሆኑን ለመነኮሳቱ ጽፎላቸዋል። በቂሳርያ ከተማ ዳርም ለሕሙማንና ለድሆች ትልቅ መጠለያ አሠርቷል፤ ሐኪሞችም ይሠሩበት ነበር።

በእኛም አገር ይኸው ጥያቄ በከባዱ ተነሥቶ ነበር። እንጦጦ ማርያም ጠበል የሚጠመቁ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒቱን ይተዉ ወይስ ይውሰዱ ተባለ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱንም ጠበሉንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑና እንደማይጋጩ በግልጽ ተናገሩ። ለኤች አይ ቪ የተባለው ለካንሰር የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

ጠበልን እየነቀፍኩ አይደለም። ጌታ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው በሰሊሆም ሄዶ እንዲታጠብ ልኮታል። በጠበል የተፈወሰ ሰው የማናውቅ ጥቂት ነን። የምነቅፈው አንድ ነገር ነው፤ «መድኃኒቱን ካልተውክ ጠበሉ አይሠራም» የሚለውን ቃል። ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ ካህናቱ አይደሉም። እዚያ አካባቢ የሚውሉ፣ ራሳቸውን አስተማሪ ያደረጉ ሰዎች ናቸው። ቃሉ ለእግዚአብሔር ቅድመ ሁኔታ ማስቀመጥ ነው። ሰይጣን ጌታን በመቅደሱ ጫፍ አቁሞ «ራስህን ወደ ታች ወርውር፣ መላእክቱ ያነሡሃል» ሲለው መልሱ ምን ነበር? «ጌታ አምላክህን አትፈታተነው»።

የባህል መድኃኒቱ ነገር ግን ሌላ ነው። ከጠበል ጋር አንድ ላይ መደመር የለበትም። መስቀል በልጥፉ ላይ ስላደረገ ብቻ የሚሸጠው ነገር መንፈሳዊ አይሆንም። በቴሌግራም የጊሽጣ ቅጠል፣ ሽፈራው፣ ጥቁር አዝሙድ ካንሰርን «ከሥሩ ነቅሎ» ያጠፋል ተብሎ ይዞራል። ጥቁር አዝሙድ በዳቦ ላይ ጥሩ ነው፤ ዕጢ ግን አያጠፋም። የከፋው በጡት ላይ የሚለጠፈው፣ ቆዳውን የሚያቃጥለው ቅመማ ነው። ላዩ ይቆስላል፣ «እየወጣ ነው» ይባላል፤ ውስጡ ይቀጥላል።

በ2018 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት አለ። ካንሰሩ ገና ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ሳይሄድ ተገኝቶባቸው፣ መደበኛውን ሕክምና ትተው አማራጭ ሕክምና ብቻ የመረጡ 281 ሰዎችን ተመለከቱ። መደበኛውን ከወሰዱት ጋር ሲነጻጸሩ የመሞት ዕድላቸው ሁለት እጥፍ ተኩል ሆኖ ተገኘ። በጡት ካንሰር ከአምስት እጥፍ በላይ፣ በአንጀት ካንሰር ከአራት እጥፍ በላይ ነበር። በፕሮስቴት ካንሰር ግን ያን ያህል ልዩነት አልታየም። እርሱ ብዙ ጊዜ ቀስ ብሎ የሚሄድ በሽታ ነው።

«ቢላ ሲነካው ይበተናል» የሚለውንም እንየው፤ ብዙ አረጋውያንን ቤት ያስቀረ አባባል ነውና። ሰዎቻችን ሆስፒታል የሚደርሱት አብዛኛውን ጊዜ ዘግይተው ነው። ጠበሉም፣ ቅጠሉም፣ ወረፋውም ጊዜ ወስዷል። ሐኪሙ ሲከፍተው በሽታው አስቀድሞ ሄዷል። ሰውየው ከጥቂት ወራት በኋላ ያርፋል። ለቀስተኛው የሚያየው ግን ቅደም ተከተሉን ብቻ ነው፤ ተቀደደ፣ ሞተ። ጥፋቱ በቢላው ይሳበባል። ለምርመራ የሚወሰደውን ናሙና የሚፈሩትም በዚሁ ምክንያት ነው። ያለ ናሙና ደግሞ ሐኪሙ የበሽታውን ዓይነት አያውቅም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ «ስለዚህ ይሠሩ» ማለት ይመስል ይሆናል። አይደለም። አረጋዊ ሰው ላይ ሚዛኑ ሌላ ነው።

የ80 ዓመት እናት እንበል። ጡታቸው ላይ እብጠት ተገኘ። ዕድሜ ብቻውን ከቀዶ ሕክምና አይከለክልም። ሐኪሞች የሚያዩት ጉልበታቸውን ነው። ራሳቸው ይለብሳሉ? ቅዳሴ ቆመው ያስቀድሳሉ? ልብ፣ ኩላሊት፣ ስኳር እንዴት ነው? ነገር ይረሳሉ? በ80 ዓመት ገበያ የሚወርዱ አሉ፤ በ68 ከአልጋ የማይነሡ አሉ። የጡት ቀዶ ሕክምና ሆድ ወይም ደረት እንደሚከፈትበት አይደለም፤ ብርቱ አረጋውያን ይችሉታል። በጣም ለደከሙት ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ዕጢው ለሆርሞን የሚመልስ ዓይነት ከሆነ እንደ ታሞክሲፈን ያለ በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን ለዓመታት ሊይዘው ይችላል። አያጠፋውም፣ ቆይቶም ሊያድግ ይችላል። ልባቸው ለደከመ እናት ግን ኪኒኑ በቂ ሊሆን ይችላል። ይህም ሕክምና ነው። ምርጫው ሁልጊዜ በቢላና በጠበል መካከል አይደለም። ብዙ ቤተሰብ ይህን ሐኪሙን አይጠይቅም።

ፕሮስቴትም እንዲሁ ነው። ለብዙ አባቶች ሐኪሙ ራሱ «እየተከታተልን እንቆይ» ይላል። የአንጀት ካንሰር ግን አንጀቱን ሲዘጋው መጠበቅ የለም፤ ምግብ አያልፍም፣ ስቃዩ ከባድ ነው። ያን ጊዜ ደካማ አባትም ቢሆኑ ቀዶ ሕክምናው ለማዳን ሳይሆን ለማሳረፍ ሊደረግ ይችላል።

ስለዚህ ሐኪሙን በግልጽ ጠይቁ። ይህ ቀዶ ሕክምና ሊያድናቸው ነው ወይስ ሊያቀልላቸው? ባይሠሩ በሚቀጥለው ዓመት ምን ይሆናሉ? ከተሠሩ በኋላ ወደ ቀድሞ ኑሯቸው ይመለሳሉ? ጨረር ያስፈልጋል? ጥቁር አንበሳ ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና ቦታ ነበር፤ ወረፋውም ወራት ይወስድ ነበር። ዛሬ ሌሎች ከተሞችም እየጀመሩ ነው። ያም ሆኖ ከገጠር የሚመጡ አባት የት ያርፋሉ፣ ማን ይጠብቃቸዋል የሚለው ከሕክምናው እኩል መታሰብ አለበት። ከውጭ ብር መላክ ትልቅ ነገር ነው፤ ሌሊት ደግፎ ሽንት ቤት የሚወስዳቸው ግን እዚህ ያለው ነው። እርሱም ይሰማ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እናትየውን ማን ጠየቃቸው?

እኛ ዘንድ ልማድ ሆኗል። ለልጆች ይነገራል፣ ለበሽተኛዋ አይነገርም። «እንዳይደነግጡ» ይባላል። «ትንሽ እብጠት ናት» ይባላሉ። ከዚያ ልጆች በር ዘግተው በእናታቸው ሰውነት ላይ ድምፅ ይሰጣሉ። «አባትህንና እናትህን አክብር» የሚለው ትእዛዝ እዚህ ቤት ውስጥ ተፈጽሟል ለማለት ይቸግረኛል። ሰባት ልጅ አሳድገው፣ ሁለቱን ቀብረው፣ ድርቅና ጦርነት አይተው ያለፉ ሴት ስለ ራሳቸው ሕመም መስማት አይችሉም የምንለው ምን አይተን ነው?

ደግሞ ክፉ ወሬ መንገር የማያውቅ ሕዝብ አይደለንም። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ማን እንደ እኛ ያውቃል? ቅርብ ሰው ይመረጣል፣ በማለዳ ይኬዳል፣ ካህን አብሮ ይገባል፣ ሰውየው ብቻውን አይተውም። የካንሰሩም ወሬ እንዲያ ባለ ጥንቃቄ ይነገር። የንስሐ አባታቸው አብረው ይቀመጡ። በመጀመሪያ «እማማ፣ ሐኪሙ ያለውን ልንገርዎት ወይስ ለልጆችዎ ይተዉታል?» ተብለው ይጠየቁ። «ለእናንተ ትቼዋለሁ» ካሉ መብታቸው ነው። ካልተነገራቸው ንስሐ ለመግባት፣ ለመናዘዝ፣ የተጣሉትን ለመታረቅ፣ ለመቁረብ ጊዜው እንደ ደረሰም አያውቁም። በፍቅር ስም ይህን ሁሉ ነው የምንነጥቃቸው።

ከሰሙ በኋላ «ልሠራ» ካሉ እንደግፋቸው። «አልቀደድም፣ የቀረኝን በጸሎት ልጨርስ» ካሉም የእምነት ጉድለት አይደለም፣ ራስን መግደልም አይደለም። አውቀው የመረጡ ከሆነ ደፍቶ ማስገደድ አይገባም። ሁሉም አይፈወስም። ቅዱስ ጳውሎስ ስንቱን ፈውሶ ጥሮፊሞስን ግን ታምሞ በሚሊጢን ተወው፤ 2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥20 ላይ አለ። «እምነት ስለጎደለው ነው» አላለም። በሽተኛ አልጋ አጠገብ ቆማችሁ «ብታምኚ ኖሮ» የምትሉ ወገኖች ይህን ጥቅስ እባካችሁ አንብቡት።

ያልተሠሩትም ቢሆኑ ሕክምና አላበቃም። ሕመሙን ማስታገስ ይገባል። ሞርፊን ሲባል ብዙዎች «ሱስ ያስይዛል» ብለው ይሸሻሉ። በካንሰር ለሚሰቃዩ አረጋዊት በሐኪም መጠን ሲሰጥ ዋናው ችግሩ የሆድ ድርቀት ነው፤ ለእርሱም መድኃኒት አለው። «ሕመምን መቻል ጽድቅ ነው» የሚል ሰው ለራሱ ይቻል። መጽሐፈ ምሳሌ 31፥6 ነፍሱ ለተመረረች ሰው መጠጥ ስጡት ይላል። ስለ ጾምም አትጨነቁ። በሽተኛ እንደ ጤነኛ እንዲጾም ቤተ ክርስቲያን አታስገድድም፤ የንስሐ አባታቸው ይፈቱላቸዋል።

ለሚሠሩት ደግሞ ጥቂት ነገር ልጨምር። ከቀኑ አስቀድሞ ካህን ጠርታችሁ ቀንዲል፣ ማለትም ሕሙማን በዘይት የሚቀቡበትን ጸሎት፣ አስደርጉላቸው፤ ያዕቆብ 5፥14 የሚለው ይህንኑ ነው። የሚወስዱትን ቅጠልና ቅመም ሁሉ ለሐኪሙ ንገሩ፤ ነጭ ሽንኩርት እንኳ በብዛት ሲወሰድ መድማትን ሊያበዛ ይችላል። በቀዶ ሕክምናው ጠዋት ጠበል ለመጠጣት ከፈለጉ የማደንዘዣ ባለሙያው ይጠየቅ። ካልፈቀደ ይረጩ፣ ይቀቡ፤ በረከቱ በመጠጣት ብቻ አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ ቤተሰብን ክፉኛ ያስደነግጣል። ከማደንዘዣ በኋላ አረጋውያን ለጥቂት ቀን ሊቃዡ ይችላሉ። የሌለ ሰው ያያሉ፣ ልጃቸውን አያውቁትም፣ ሌሊት ይጮኻሉ። ወዲያው «መንፈስ ነው፣ አውጡልን» ተብሎ ከአልጋ አንሥቶ ወደ ጠበል መሮጥ አለ። ቁስላቸው ገና አልያዘም። ይህ የታወቀ የሕክምና ነገር ነው፤ ብዙውን ጊዜም ያልፋል። ወዲያው ለነርሷ ንገሩ፤ ኢንፌክሽን ወይም የመድኃኒት ችግር ካለ ይታያል። መነጽራቸውን አድርጉላቸው፣ ቀን መጋረጃውን ክፈቱ፣ ሌሊት ይተኙ። የሚያውቁት ድምፅ አጠገባቸው ይሁን፤ ውዳሴ ማርያሙንም ለእርሳቸው በሚሰማ ልክ፣ ሌላውን በሽተኛ ሳትረብሹ፣ ድገሙላቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።