እምቦጭን የሚቆርጠው ኤንዛይም አቅሙ እንዴት ይለካል?

ጣና ዳር ለሚኖር ሰው ስለ ሣርና ቅጠል ብዛት ማውራት ትርፍ ነው። ታንኳ የሚሠራበት ደንገል አለ። የፎገራ የሩዝ ገለባ አለ። እምቦጩም አለ፤ ሐይቁ ላይ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ከዚያ ወዲህ በእጅም በማሽንም ሲታጨድ ከርሟል። ከዚህ ሁሉ ኢታኖል ወይም ሌላ ነገር ይውጣ የሚል ሐሳብ ሲነሳ ላብራቶሪው መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የተክሉን ግድግዳ ወደ ስኳር የሚቆርጠው ኤንዛይም ምን ያህል ጉልበት አለው?

ግድግዳው በዋናነት ከሴሉሎስ፣ ከሄሚሴሉሎስ (ሌላ የስኳር ሰንሰለት) እና ከሊግኒን (ተክሉን የሚያጠነክር፣ ስኳር ያልሆነ ነገር) የተገመደ ነው። ሴሉሎስ ረጅም የግሉኮስ ሰንሰለት ነው፤ አንድ ኤንዛይም ብቻውን አይወጣውም። አንዱ ሰንሰለቱን መሃል ላይ ይበጥሳል። ሌላው ከጫፍ እየቆረጠ ሴሎባዮስ የተባለ ባለሁለት ግሉኮስ ቁራጭ ያወጣል። ቤታ ግሉኮሲዴዝ ደግሞ ይህን ለሁለት ይከፍለዋል። እነዚህን በብዛት በማመንጨት የታወቀው ትራይኮደርማ ሪሴይ የተባለ ሻጋታ ነው። የተገኘው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በሰለሞን ደሴቶች ሲሆን፣ የአሜሪካ ጦርን የጥጥ ሸራ ሲበላ እጅ ከፍንጅ ተይዞ ነው። ጥጥ ከሞላ ጎደል ንጹህ ሴሉሎስ ነውና ማስረጃው በቂ ነበር።

የኤንዛይም አቅም በዩኒት ይለካል። አንድ ዩኒት በአንድ ደቂቃ አንድ ማይክሮሞል ውጤት የሚያስገኝ የኤንዛይም መጠን ነው። ለሴሉሌዝ፣ ማለትም ሴሉሎስን ለሚቆርጡት ኤንዛይሞች፣ በጣም የታወቀው የማጣሪያ ወረቀት ዘዴ ነው። 1 በ6 ሴንቲሜትር የሆነ፣ 50 ሚሊግራም ገደማ የሚመዝን ዋትማን ቁጥር 1 ወረቀት ይቆረጣል። ፒኤቹ (የአሲድነት መጠኑ) 4.8 በሆነ የሲትሬት ባፈር፣ ማለትም አሲድነቱ እንዳይለዋወጥ በሚጠብቅ ፈሳሽና በኤንዛይሙ ውስጥ ተነክሮ በ50 ዲግሪ ለ60 ደቂቃ ይቆያል። ከዚያ ዲኤንኤስ የተባለው ቢጫ ኬሚካል ተጨምሮ ለ5 ደቂቃ ይፈላል። ስኳር በበዛ ቁጥር ቀለሙ ወደ ቀይ ቡናማ ይሄዳል፤ በ540 ናኖሜትር ብርሃን ይነበባል።

እዚህ ላይ ባሕር ዳር የራሷ ጣጣ አላት። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 100 ሳይሆን 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቀለሙ በሙቀቱ ስለሚወሰን ከሌላ አገር ጽሑፍ የተቀዳ የግሉኮስ መመዘኛ መስመር (መጠኑ ከታወቀ ግሉኮስ የተሠራ የቀለም ማነጻጸሪያ) እዚህ አይሠራም። መመዘኛው ከናሙናው ጋር አንድ ላይ፣ እዚያው ድስት ውስጥ መፍላት አለበት።

ሌላም አስቸጋሪ ነገር አለ። ኤንዛይሙን እጥፍ ብታደርጉት ስኳሩ እጥፍ አይሆንም፤ ከወረቀቱ ቀላሉ ክፍል ቀድሞ ያልቃል፣ የሚቀረው እልኸኛው ነው። ስለዚህ ኤንዛይሙን እያቀጠኑ በአንድ ሰዓት 2 ሚሊግራም ግሉኮስ የሚያወጣውን ልክ ይፈልጋሉ። 0.37ን በዚያ በቀጠነው ፈሳሽ ውስጥ ላለው የመጀመሪያው ኤንዛይም ድርሻ ሲያካፍሉ የማጣሪያ ወረቀት ዩኒቱ ይገኛል። አሰልቺ ነው፤ አቋራጭ የሄደ ሰው ቁጥር ግን ከማንም ቁጥር ጋር አይወዳደርም።

ሄሚሴሉሎስን ለሚቆርጠው ዛይላኔዝ ከእንጨት የወጣ ዛይላን (የሄሚሴሉሎስ ዓይነት)፣ ለቤታ ግሉኮሲዴዝ ደግሞ ሲቆረጥ ቢጫ የሚሆን ሰው ሠራሽ ውህድ ይቀርባል። ከበሰበሰ ደንገል ሥር ኤንዛይሙን የሚያመነጭ ባክቴሪያ የሚለቅም ሰው መጀመሪያ የሚጠቀመው ኮንጎ ሬድ ቀለም ነው፤ ሴሉሎስ የተቆረጠበት ቦታ ፈዝዞ ይታያል። ይህ ግን ለመምረጥ እንጂ ለመለካት አይሆንም።

በእኔ እይታ ዋናው ፈተና ራሱ እምቦጩ ነው። የማጣሪያ ወረቀቱ ሊግኒን የለውም፤ እምቦጭ አለው፣ ያውም ኤንዛይሙን ራሱ ላይ ለጥፎ ያስቀረዋል። ስለዚህ ደርቆ የተፈጨ እምቦጭ ተመዝኖ ከኤንዛይሙ ጋር እስከ 72 ሰዓት ይቀመጣል። የተለቀቀውን ስኳር ባክቴሪያ እንዳይበላው መከላከያ ይጨመርበታል። ጎን ለጎን ኤንዛይም የሌለው ሌላ ብልቃጥ ይቀመጣል፤ ተክሉ ከራሱ ይዞት የመጣው ስኳር የሚቀነሰው ከዚያ ነው።