«ስለ እገሌ ጸልዩለት»፦ ስለ ማገገሚያ ቡድንና ስለ ስልካችን የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሐሙስ ማታ በቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት አሥራ ምናምን ወንዶች ክብ ሠርተን እንቀመጣለን። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ነው። አንዱ ከመጠጥ፣ አንዱ ከጫት፣ ሌላው ከቁማር ጋር ይታገላል። ሴቶቹ በሌላ ክፍል ይሰበሰባሉ። እኔም ወደዚህ ክበብ የመጣሁት በመጠጥ ምክንያት ነው። አሁን ቡድኑን እመራለሁ።

የምንከተለው «ሰለብሬት ሪከቨሪ» የሚባለውን መንገድ ነው። ጆን ቤከር የተባለ፣ ራሱ ከአልኮል ሱስ ያገገመ ሰው እ.ኤ.አ. በ1991 ካሊፎርኒያ ውስጥ በሳድልባክ ቤተ ክርስቲያን ጀመረው። ለክበቡ አምስት ደንቦች አሉት። ስለ ራስህ ብቻ ተናገር፤ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ሌላው ሲናገር ጣልቃ አትግባ። ደግፈው እንጂ ልታስተካክለው አትሞክር። እዚህ የተሰማ እዚህ ይቀራል። ጸያፍ ቃል አይነገርም።

ስልክ ችግር የሚፈጥርብን አራተኛው ላይ ነው። ባለፉት ዓመታት ደጋግሜ የሰማኋቸውን አባባሎች አንድ በአንድ ላንሳ።

«ለጸሎት ነው እንጂ ለሐሜት አይደለም»

ይህን የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ቅን ሰዎች ናቸው። ለዚህም ነው ከሁሉ አስቀድሜ የማነሳው።

አንድ ወንድማችን ከስምንት ወር በኋላ መጠጡ አገረሸበት። ሐሙስ ማታ እያለቀሰ ነገረን። ከመካከላችን አንዱ ገና መኪናው ውስጥ እንደገባ ለቤተ ክርስቲያኗ የጸሎት ግሩፕ በቴሌግራም ጻፈ፦ «ቅዱሳን፣ ስለ ወንድም እገሌ በርትታችሁ ጸልዩ፤ መጠጡ ተመልሶበታል።» ስሙን ከነአባቱ ጠርቶ ነው። ግሩፑ ውስጥ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ነበር። በማግስቱ የወንድማችን እናት ከአዲስ አበባ ደወሉ። «ልጄ፣ ምን ሆንክብኝ?» አሉት። ወደ ክበባችን ለመመለስ አምስት ወር ፈጀበት። እነዚያን አምስት ወራት ብቻውን ጠጣ።

የጻፈው ልጅ ወንድሙን ይወደዋል። ጸሎቱም ከልቡ ነበር። ግን እግዚአብሔር የሰውየውን ስም ያውቀዋል፤ ሁለት መቶው ሰው ማወቅ አልነበረበትም። መጽሐፈ ምሳሌ 11፥13 ምስጢር የሚያወጣውን ሰው ሐሜተኛ ሲለው፣ ያወጣው በክፋት ይሁን በቅንነት አይለይም። ለተነገረበት ሰው ጉዳቱ ያው ነው።

በኦርቶዶክስ ቤት ያደግን ሰዎች የንስሐ አባት የሰሙትን እንደማያወጡ ከልጅነታችን እናውቃለን። ያዕቆብ «እርስ በርሳችሁ በኃጢአታችሁ ተናዘዙ» ብሎ ሲጽፍ (5፥16) እኛ የምንይዘው «ተናዘዙ» የሚለውን ነው። ክብ ሠርተን ስንቀመጥ ግን ሁላችንም ሰሚዎች ሆነናል። የሰሚነቱም አደራ እኛው ላይ ወድቋል።

አሁን ከመጻፋችን በፊት ባለቤቱን እንጠይቃለን፦ «ይህን ለማን ልንገር? ስምህን ልጥራ?» ካልፈቀደ «ስለ አንድ ወንድም ጸልዩ» እንላለን። እዚህም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ሐሙስ የሚመጣ፣ ታክሲ የሚነዳ፣ ባለፈው ወር ልጅ የወለደ ወንድም» ማለት ስም ከመጥራት አይለይም። የሐበሻ ማኅበረሰብ ጠባብ ነው። እንዲህ ከተባለ ሰው በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይደርስበታል።

«ግሩፑ ዝግ ነው፤ የተጻፈው እዚያው ይቀራል»

አይቀርም። በቴሌግራም ተራ ግሩፕ ውስጥ የምንጽፈው በላኪና በተቀባይ ስልክ ላይ ብቻ ተቆልፎ የሚቀመጥ አይደለም። እንዲያ የሚሠራው «ሚስጥራዊ ቻት» የሚባለው ነው፤ እሱም ለሁለት ሰው ብቻ። ዋትስአፕ ግሩፕንም ይቆልፋል። ነገር ግን የእያንዳንዱን አባል ስልክ ቁጥር ለሁሉም ያሳያል። ዛሬ የተጨመረውን የማታውቀውን ሰው ጨምሮ ማለት ነው። የሚጠፋ መልእክት በ24 ሰዓት፣ በ7 ወይም በ90 ቀን ይሰረዛል፤ እስከዚያ ግን ስክሪንሾት ለማንሳት አንድ ሰከንድ ይበቃል። ካፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው ነው።

እኛን በተግባር የጎዳን ግን ከዚህ ሁሉ የቀለለ ነገር ነው። የተቆለፈ ስልክ ገጽ ላይ ብቅ የሚል መልእክት። አንዱ ወንድም ሥራ ቦታ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ቡና ሊቀዳ ሄደ። «ትናንት ቁማር ቤት ገባህ እንዴ? አይዞህ» የሚል ጽሑፍ ብልጭ አለ። ያነበበው አለቃው ነበር። ሌላው ደግሞ ልጆቹ የሚጫወቱበት ታብሌት ከስልኩ ጋር እንደተያያዘ ረስቶት ነበር።

ስለዚህ ግሩፓችን ስሙ «ሐሙስ» ብቻ ሆነ። የምንጽፍበትም ሰዓት፣ ቦታ፣ የዕለቱን ጥቅስና «ማን መኪና ይፈልጋል» የሚለውን ነው። የሆድ ነገር በስልክ ወይም በአካል ይነገራል። መጀመሪያ አካባቢ ከብዶን ነበር። ኋላ ግን መደዋወሉ በዛ፤ ድምፅ መስማት ደግሞ ከጽሑፍ ይሻላል።

«ምስክርነትን መደበቅ በጌታ ማፈር ነው»

ይህን የሚሉትን እረዳለሁ። እኔም ማገገም በጀመርኩ በሦስተኛው ወር ቲክቶክ ላይ ላይቭ ገብቼ ልናገር ብዬ ነበር። አንድ አባት ናቸው «ቆይ» ያሉኝ። ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ።

በማርቆስ ወንጌል ጌታ የፈወሳቸውን ሁለት ሰዎች ተመልከቱ። በምዕራፍ 5 አጋንንት የወጡለትን ሰው «ወደ ቤተ ሰዎችህ ሄደህ ንገራቸው» ብሎ ይልከዋል። በምዕራፍ 1 ደግሞ ለምጻሙን «ለማንም አትናገር» ብሎ አጥብቆ ያዘዋል። እሱ ግን ሄዶ አወራው፤ ከዚህ የተነሣ ኢየሱስ በግልጥ ወደ ከተማ መግባት አልቻለም። ለመናገርም ለዝምታም ጊዜ አለው። የምዕራፍ 5ቱም ሰው የተላከው መቃብር ለመቃብር ሲዞር ወደሚያውቁት ወደ ገዛ ቤተ ሰዎቹ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1935 አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው የአልኮል ሱሰኞች መረዳጃ ማኅበርም (ኤኤ) ይህን ከብዙ ዓመት ልምድ ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1950 ያጸደቃቸው አሥራ ሁለት መመሪያዎች አባላቱ በፕሬስ፣ በሬዲዮና በፊልም ፊት ማንነታቸውን እንዳይገልጹ ይጠይቃሉ። ያኔ ፌስቡክ አልነበረም፤ ምክንያቱ ግን ዛሬም ይሠራል። አንድ ሰው የቡድኑ ፊት ሆኖ በአደባባይ ከታየ በኋላ ቢወድቅ፣ ከሩቅ የሚያይ ሌላ ሱሰኛ «ይሄም አይሠራም ማለት ነው» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። የወደቀውም በላይክ ብዛት ከተሰቀለበት ቦታ ወርዶ «አገረሸብኝ» ለማለት ያፍራል።

ታሪክህ ውስጥ ሌሎች ሰዎችም አሉ። «ሚስቴን እደበድብ ነበር» ብለህ ስትመሰክር የእሷንም ታሪክ ማውራትህ ነው። ልጆችህም ትምህርት ቤት ሲሄዱ ጓደኞቻቸው ቪዲዮውን አይተውት ይሆናል። እነሱ ፈቅደዋል?

በውጭ አገር ላለን ሐበሾች ደግሞ የሕግ ጉዳይ አለ። አዲስ አበባ ላይ «ጫት እቅም ነበር» ማለት ተራ ወሬ ነው። በአሜሪካ ግን ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ እጅግ ጥብቅ ቁጥጥር በሚደረግበት የመጀመሪያው መደብ ውስጥ ነው። እንግሊዝም ጫትን እ.ኤ.አ. በ2014 ከልክላለች። ለአሜሪካ ቪዛ የሚያመለክት ሰው እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንቶቹን ስም ይጠየቃል። ዜግነት ያላገኘ ሰው እዚህ አገር ስለ መቃሙ በአደባባይ የለቀቀው ቪዲዮ ጉዳዩን ሊያበላሽበት ይችላል። ወረቀትህ ያላለቀ ከሆነ ከመልቀቅህ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክር። ይህ እምነት ማነስ አይደለም።

«አንድ ፎቶ ምን ያደርጋል?»

በዳር የተቀመጠውን ሰው ያጋልጣል። አንድ ዓመት የሞላውን ወንድም ኬክ ስንቆርስ ከጀርባው አራት ፊት ይታያል። የቤተ ክርስቲያኗ ስም ግድግዳው ላይ አለ። እኛ ኬኩን ብቻ እናነሳለን።

«ውስጥ መስመር ገብቼ ባጽናናት ምን አለበት?»

ወንድ ለወንድ፣ ሴት ለሴት። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ በሜሴንጀር የሚጀመር «አይዞሽ እህቴ» የት እንደሚደርስ አይቻለሁ። ገና የሚያገግም ሰው ልቡ ስስ ነው።

«ምስጢር ምስጢር ነው፤ ምንም ቢሆን ዝም»

አይደለም። የደንቡ የራሱ ልዩ ሁኔታ አለ፦ ሰው ራሱን ወይም ሌላውን ሊጎዳ ከሆነ ዝም አይባልም። ይህን አዲስ ሰው ሲመጣ በመጀመሪያው ቀን እንነግረዋለን፤ በኋላ «ከዳችሁኝ» እንዳይል።

አንድ ሌሊት በግሩፑ «በዚህ ሕይወት ደክሞኛል፤ ይቅር በሉኝ» የሚል መልእክት መጣ። ስድስት ሰው የተጣመሩ እጆች ምልክት ላከ። አንዱ መዝሙር ለቀቀ። አንድ ሰው ብቻ ተነሥቶ መልእክቱን ወደ ጻፈው ወንድም ቤት ሄደ። ማድረግ የነበረብን እሱ ያደረገውን ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ስታዩ ወዲያው ደውሉ፤ በቀጥታም «ራስህን ልታጠፋ አስበሃል?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቁ ሐሳቡን አይጨምርበትም። በአሜሪካ ራስን ማጥፋት ለሚያስቡ ሰዎች እርዳታ የሚሰጠው የ988 ስልክ መስመር በማንኛውም ሰዓት ይሠራል። አዲስ አበባ ላይ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልም አለ።

ከዚሁ ጋር የማነሳው አንድ ነገር አለ። ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው «ዛሬ በጌታ ስም አቆምኩ!» ብሎ ይጽፋል። ሁላችንም «አሜን!» እንላለን። ይህ ሰው በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ እጁ ሊንቀጠቀጥ፣ የሌለ ነገር ሊያይ፣ ሰውነቱ ሊንዘፈዘፍ ይችላል። ከባድ ጠጪ በድንገት ሲያቆም ሕይወቱን እስከማጣት ሊያደርሰው ይችላል። ከ«አሜን» ቀጥሎ የሚጻፈው «ሐኪም አይቶሃል? ከማን ጋር ነህ?» የሚለው ይሁን።

ከላይ የነገርኳችሁን የወንድማችንን ታሪክ ከማውጣቴ በፊት ደውዬ አነበብኩለት። ሁለት ቦታ እንድቀይር ጠየቀኝ፤ ቀየርኩ። ከዚያ «እናቴ የደወሉበትን ግን ተወው፤ ሰው ይወቀው» አለኝ።