የቀድሞው ወሎ ወሰን በዛሬ ካርታ ላይ

ደሴን ዋና ከተማ አድርጎ በ1934 ዓ.ም. አዋጅ ጠቅላይ ግዛት የሆነው፣ በደርግ ጊዜ ክፍለ ሀገር የተባለው ወሎ ዛሬ በአንድ ቀለም የተቀባ ቦታ የለውም። መሬቱ በአማራና በአፋር ክልሎች ተከፋፍሏል፤ በራያ በኩል ያለው ደግሞ ከትግራይ ጋር እስካሁን ያከራክራል።

የድሮውን ወሰን ከዛሬው ጋር የሚያመሳክር ሰው በቅድሚያ የትኛውን ዘመን እንደሚሻ ይወስን። ንጉሥ ሚካኤል ከ1906 ዓ.ም. እስከ ሰገሌ ጦርነት፣ ማለትም እስከ ጥቅምት 1909 ዓ.ም. በንጉሥነት የገዙት ግዛት የሚታወቀው ግብር በሚያስገባውና ለዘመቻ በሚከተተው ባላባት እንጂ በተሰመረ ወሰን አልነበረም። እሱን በቀጭን መስመር ማጠር ያሳስታል፤ ዳር ዳሩን እየሳሳ በሚሄድ ቀለም ማሳየት ይሻላል። የኋላው ጠቅላይ ግዛት ግን በአውራጃ የተሸነሸነ ስለሆነ አውራጃ በአውራጃ ማነጻጸር ይቻላል።

አስቸጋሪው የስሞች ጉዳይ ነው። የዛሬው ቃሉ ወረዳ ኮምቦልቻን ከብቦ የሚገኝ ነው፤ የድሮው ቃሉ አውራጃ ግን እስከ ባቲና ከሚሴ ይደርስ ነበር። አምባሰል፣ ወረ ኢሉና ቦረናም ስማቸው ለወረዳ ተርፏል፤ ይዞታቸው ግን እንደ አውራጃው አይደለም። የወሎው ቦረና ደግሞ በደቡብ ኢትዮጵያ ካለው ቦረና የተለየ ቦታ ነው። በአማራ ክልል ያለውን የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን በጅምላ ወሎ ብሎ መቀባት የተለመደ ስህተት ነው፤ ባቲና ደዋ ጨፋ ከወሎ ሲሆኑ ጅሌ ጥሙጋ ከሸዋው ይፋትና ጥሙጋ አውራጃ የመጣ ነው። አላማጣ በወሎው ራያና ቆቦ አውራጃ ሥር ነበረች፤ ማይጨው በትግራይ። ስለዚህ በዚህ አካባቢ ዓመቱ ያልተጻፈበት ካርታ ለማስረጃነት አይበቃም።

ዓመት ሲባል የዘመን አቆጣጠሩም አብሮ ይጣራ። ካርታው ላይ «1987» ብቻ ተጽፎ ከተገኘ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት የጸናበት ዓመት ነው፤ በአውሮፓውያን ከሆነ ደግሞ ወሎ ሰሜንና ደቡብ ተብሎ የተከፈለበት የደርግ አወቃቀር ዘመን ነው። የሚያሳዩት ወሰን ፈጽሞ የተለያየ ነው።

ወረቀቱን ወደ ኮምፒውተር ሲያስገቡ በጠፍጣፋ ስካነር፣ ቢያንስ በኢንች 300 ነጥብ ጥራት ይነሳ፤ በስልክ የተነሳ ፎቶ ጠርዙ ላይ ይጣመማል። ኪውጂአይኤስ በተባለው የካርታ ሶፍትዌር ከቦታው ጋር ሲያገናኙት መነሻ ነጥብ የሚሆኑት የካርታው መረብ መስመሮች እርስ በርስ የሚያቋርጡባቸው ቦታዎች ናቸው። ከተሞች አይሆኑም፤ ደሴና ኮምቦልቻ እጅግ ስለሰፉ የድሮዋ ነጥብ ዛሬ የት ሰፈር እንደሆነች አትለይም። ስድስት ነጥብ ወስዶ፣ የወንዞችን መገናኛ ለማረጋገጫ ማቆየት ጥሩ ነው። በ1:250,000 ካርታ ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የወሰን መስመር ራሱ መሬት ላይ 125 ሜትር ይሸፍናል፤ ከዚያ የጠበበ ትክክለኛነት መጠበቅ ከንቱ ነው።

የድሮዎቹ 1:50,000 ሉሆች የተሠሩት አዲንዳን በተባለው የቦታ መለኪያ መነሻ (ዳተም) ነው፤ የዛሬው ጂፒኤስ የሚጠቀመው ደብልዩ ጂ ኤስ 84 የተባለውን ሌላ መነሻ ነው። ሳይለውጡ ቢደራርቧቸው በደሴ አካባቢ ሁሉም ነገር ከ200 ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይንሸራተታል። ወንዙ ከሸለቆው ወጥቶ ተራራ ላይ ሲፈስ ከታየ ጥፋቱ እዚህ ነው። ሌላው፣ እነዚህ ሉሆች በየ15 ደቂቃው ስለሚቆረጡና ኮምቦልቻ 39 ዲግሪ ከ44 ደቂቃ አጠገብ ስላለች የሉሁ ጠርዝ ከከተማዋ ብዙም አይርቅም፤ የከተማዋን ዙሪያ ለማየት የምሥራቁንም ሉህ ማግኘት ግድ ነው። የካርታው መረብ (ዩቲኤም) ዞን ግን ለሁለቱም 37 ነው።

ወሰኑ ሁሉ እኩል አይታመንም። ወሎን ከጎጃም የሚለየው የዓባይ ሸለቆ ጥልቅ ስለሆነ ከድሮውም ከአሁኑም ካርታ ጋር በቀላሉ ይገጥማል። በአፋሩ አውሳ በኩል ግን መሬቱ ሜዳ ነው፤ አዋሽ መውረጃውን ይቀያይራል፤ አርብቶ አደሩም ከውኃና ከግጦሽ ጋር ይንቀሳቀሳል። በዚያ ወገን የተሰመረው መስመር ብዙ ጊዜ በማስመሪያ የተሳለ ቀጥ ያለ ስለሆነ በተቆራረጠ መስመር መተው ይገባል።