ጥርስ ስለ ምግብ ሲናገር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ያለቀ ጥርስ የሚናገረው ዕድሜን ብቻ ነው»

በቅሎ የሚገዛ ሰው አፏን ከፍቶ የፊት ጥርሷን ያያል። ዕድሜዋን ለመገመት ልክ ነው። የመንጋጋ ጥርሷ ግን ምን ስትበላ እንደኖረች ጭምር ይናገራል። ቀጭኔ የግራር ቅጠል ስታኝክ የላይና የታች ጥርሶቿ እርስ በርስ ይፋተጋሉ፤ ጫፋቸውም ስል ሆኖ ይቆያል። የሜዳ አህያን ጥርስ ግን ሣሩ ራሱ ይሞርደዋል፤ ጫፉ ይደነዝዛል። ፎርቴሊየስና ሶሎኒያስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2000 እ.ኤ.አ. ይህን ልዩነት መለኪያ አደረጉት። ደግነቱ ማይክሮስኮፕ አይፈልግም።

«ሣር ለስላሳ ነው፣ ጥርስ አይጎዳም»

ይጎዳል እንጂ። ሣር ውስጥ ሲሊካ የሚባል ጥቃቅን ማዕድን አለ። ላዩ ላይ ደግሞ አቧራና አሸዋ አለ። የትኛው ይብሳል የሚለው ዛሬም ያከራክራል። እኔ ወደ አቧራው አደላለሁ፤ ምክንያቱም አንዳንድ ልኬቶች የሣሩ ሲሊካ ከጥርስ ሽፋን እንደሚለሰልስ አሳይተዋል፣ አሸዋ ግን ከሽፋኑ ይጠነክራል። ለዚህ ነው የፈረስ የመንጋጋ ጥርስ ከድድ ሥር ተደብቆ በዓመት ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቅ የሚለው። የተበላውን ይተካል።

«በማይክሮስኮፕ የሚታየው ጭረት የዕድሜ ልክ ታሪክ ነው»

አይደለም። አዲስ ጭረት አሮጌውን ያጠፋዋል። የሚታየው የመጨረሻዎቹ ቀናት ወይም ሳምንታት ምግብ ነው። በበጋ የሞተ እንስሳ የሚነግረን የበጋ ምግቡን ነው።

«የጥርሱን ቅርጽ ካየን ምግቡን አወቅን»

ይሄኛው ባለሙያዎችንም ሸውዷል። በ1959 እ.ኤ.አ. ሜሪ ሊኪ ታንዛኒያ፣ ኦልዱቫይ ውስጥ የፓራንትሮፐስ ቦይሴይን የራስ ቅል አገኘች። ይህ ጥንታዊ የሰው ዘመድ በእኛም አገር ኮንሶ ላይ ተገኝቷል። መንጋጋው ግዙፍ፣ የጥርሱ ሽፋን ወፍራም ነበርና «ለውዝ ሰባሪው» ተባለ። ጠንካራ ፍሬ የሚሰብር ጥርስ ላይ ጥቃቅን ጉድጓዶች ይጠበቃሉ። በ2008 የወጣው ጥናት ያገኘው ግን ስስ ጭረቶችን ነው። ጭረቱ የመጨረሻውን ሰሞን ብቻ ስለሚያሳይ ጥርጣሬው አላለቀም። በ2011 ደግሞ ጥርሱ ሲሠራ ከምግቡ የገባበት ካርቦን ተመረመረ። ከምግቡ ሦስት አራተኛ ያህሉ ሣር ወይም ቄጠማ መሰል ተክል ሆኖ ተገኘ። ያ ሁሉ መንጋጋ የተፈለገው ለመስበር ሳይሆን ቀኑን ሙሉ ለማላመጥ ይመስላል። ቅጽል ስሙ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀውም።