ካራክተር ተዋናይ ምንድን ነው?

ልጅ ሳለን "አክተሩ አይሞትም!" እየተባባልን እንከራከር ነበር። አክተር ማለት ለእኛ ጀግናው ብቻ ነው። ስንቱን ሲያስጨንቅ የሚያመሸው ክፉ ሰውዬ አክተር አይባልም። እውነቱን ለመናገር ግን ከሁለቱ ይበልጥ የሚተውነው እሱ ነበር።

ካራክተር ተዋናይ የሚባለው መሪ ሚና ሳይዝ፣ ጎላ ያለ ጠባይ ያላቸውን ሰዎች የሚጫወት ነው። ጨካኝ ሹም፣ ነገረኛ ጎረቤት፣ ግትር አባት። ፊቱን ስናይ "ይሄ ሰውዬ!" እንላለን። ስሙ አይመጣልንም። ከረዳት ተዋናይ ጋር ይምታታል እንጂ አንድ አይደሉም፤ "ረዳት" የሚናውን መጠን ይናገራል፣ "ካራክተር" ደግሞ የሰውየውን ዓይነት።

ህንዳዊውን አምሪሽ ፑሪን እንይ (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ1932 ፑንጃብ ውስጥ ተወለደ። ታላላቅ ወንድሞቹ ቻማንና ማዳን ቀድመውት ቦምቤይ ፊልም ውስጥ ገብተዋል። እሱም ተከተላቸውና የመጀመሪያውን የፊልም ፈተና ወደቀ። ምን ያድርግ? የሠራተኞች መድን መሥሪያ ቤት ተቀጠረ። ሃያ ዓመት ገደማ እዚያው እየሠራ፣ ከሥራ ውጭ ባለው ጊዜ ቴአትር ይጫወት ነበር። ፊልም የምር የያዘው ወደ አርባ ከተጠጋ በኋላ ነው። መሪ ተዋናይ በዚህ ዕድሜ እርጅናን መፍራት ይጀምራል፤ ለክፉ ሰው ግን ሽበትም መጨማደድም ሀብት ነው።

በ1984 ስቲቨን ስፒልበርግ ለሁለተኛው የኢንዲያና ጆንስ ፊልም ወሰደው። ለዚያ ሚና ጸጉሩን ተላጨ፤ መላጣው ስላማረበት እንደዚያው ቀረ። በ1987 ደግሞ "ሚስተር ኢንዲያ" በሚባለው ፊልም ላይ ሞጋምቦ የሚባለውን ክፉ ሰው ሆነ። "ሞጋምቦ ኹሽ ሁዋ" ይላል በዚያ ወፍራም ድምፁ፤ ሞጋምቦ ደስ አለው ማለት ነው። አሁንም ድረስ ህንዶች ለቀልድ ይሉታል።

ክፉ ሆኖ የታወቀ ሰው ሌላ ሚና አያገኝም የሚባል ነገር አለ። ግማሹ እውነት ነው። ፑሪ ግን በጥር 2005፣ በ72 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ ብዙ አባቶችንም ተጫውቷል። በ1995ቱ "ዲልዋሌ ዱልሃኒያ ሌ ጃዬንጌ" መጨረሻ ላይ ባቡሩ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ልጁ ፍቅረኛዋን ተከትላ ልትሄድ ትለምነዋለች፤ እሱ እጇን ጨምድዶ ይዟል። ከዚያ ለቀቃት። እጇን የያዘው ሌላ ሰው ቢሆን መልቀቁን ቀድመን እናውቀው ነበር።