የጎንደርና የዙሪያዋ መጓጓዣ

የጎንደር መጓጓዣ የሚጀምረው ከጎንደር ውጭ ነው። ለቅዳሜ ገበያ የሚወጣው ጤፍና ሽምብራ ከደምቢያ፣ ድንቹና ገብሱ ከዳባትና ከደባርቅ፣ ሰሊጡ ከመተማና ከሁመራ መስመር ይመጣል። ሆስፒታል የሚመጣው ታማሚ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ተማሪ፣ በጥምቀት ሰሞን የሚጎርፈው ምእመንም እንዲሁ ነው። የከተማውን መንገድ ብቻ አይቶ፣ ከተማዋንና የዙሪያ ወረዳዎቿን በአንድ ዓይን ሳያዩ፣ ለኑሮ የሚመች ጎንደርን ማቀድ ያስቸግራል።

ከተማዋ የተቀመጠችው በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል በተዘረጋ ኮረብታ ላይ ሲሆን ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ያልፋል። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. አካባቢ መናገሻቸው ሲያደርጓት፣ በዛሬዋ ሱዳን ካለችው ስናር በመተማ በኩል የሚወጣው፣ ከምጽዋ የሚመጣውና ከጣና ባሻገር ካለው አገር የሚዘልቀው የሲራራ ንግድ መገናኛዋ ሆነች። ነጋዴዎቹ የሰፈሩበት አዲስ ዓለም ዛሬም ስሙን እንደያዘ አለ። የመኪና መንገድ የመጣው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው፤ ከአስመራ ተነስቶ በሊማሊሞ ገደል እየተጠማዘዘ የሚወጣው መንገድና የመሃል ከተማዋ ፒያሳ የዚያ ዘመን ሥራዎች ናቸው። ኮረብታው ወደ ጎን እንደልብ ስለማያስፋፋ ከተማዋ ያደገችው ወደ ደቡብ ወደ አዘዞ እየረዘመች ነው። ለትራንስፖርት ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አንዱ ዋና መንገድ ሲጨናነቅ ከተማው በሙሉ ይጨናነቃልና።

አዘዞ ከፒያሳ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የባሕር ዳር፣ የመተማና የጎርጎራ መንገዶች የሚለያዩት እዚያው ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያውም በዚያው በኩል ነው። ቅዳሜ ማለዳ እዚያ የቆመ ሰው የአካባቢውን የትራንስፖርት ችግር ያለ ጥናት ይረዳዋል። ከቆላ ድባ የመጣ አይሱዙ መንገድ ዳር ቆሞ ኩንታል ያራግፋል፤ ጋሪው ሸክሙን ይጠብቃል፤ የታክሲው ረዳት «ፒያሳ፣ ፒያሳ፣ አንድ ሰው የቀረው!» ይላል፤ ባጃጅ በመሃል ይሾልካል፤ ሁለት አህያ የሚነዳ ገበሬ ደግሞ በአስፋልቱ ጠርዝ ይሄዳል። ወደ ሱዳን ጠረፍ የሚያልፈው ከባድ መኪናም የሚያልፈው በዚሁ ነው። ሁሉም የየራሱ ጉዳይ አለው፤ የሚሄዱት ግን በአንድ መንገድ ነው።

ነገሩን የሚያከብደው መንገዱ አንድ ሆኖ ባለቤቱ ብዙ መሆኑ ነው። አገር አቋራጩ አስፋልት የፌዴራል መንገዶች አስተዳደር ሥራ ነው። ወረዳን ከወረዳ የሚያገናኘው የክልሉ ነው። የውስጥ ለውስጡና ኮብልስቶኑ የከተማው አስተዳደር፣ ወደ ቀበሌ የሚገባው ጥርጊያ ደግሞ የወረዳው ነው። ታሪፍና የስምሪት መስመር የሚወስነው ሌላ መሥሪያ ቤት ነው። በ1989 ዓ.ም. የተቋቋመውና ገቢው በአብዛኛው ከነዳጅ ላይ የሚሰበሰበው የመንገድ ፈንድ ለጥገና ገንዘብ ያከፋፍላል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ከተሞች መዋቅራዊ ፕላን፣ ማለትም የከተማውን አጠቃላይ የመሬት አጠቃቀምና ዋና መንገዶች የሚያሳይ ፕላን፣ እንዲኖራቸው ያዛል፤ ከከተማ በላይ ስላለው ክልላዊ የከተማ ልማት ፕላንም ይደነግጋል። በወረቀት ላይ ያለው መልካም ነው። ማነቆው፣ ለአዲስ የመኖሪያ ሰፈር መሬት የሚሰጠው ክፍልና ታክሲ የሚያሰማራው ክፍል አንድ ጠረጴዛ ላይ አለመቀመጣቸው ነው። ቤቱ ይሠራል፣ ሰዉ ይገባል፤ ታክሲው ከዓመታት በኋላ ይደርሳል። እስከዚያው ኮንትራት ባጃጅ ነው፤ እሱም የደመወዝተኛውን ኪስ ያራቁታል።

ለመንገድ ዋጋ ከሚሰጡት ነገሮች መካከል የቀደመው ጤና ነው። የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲከፈት ያሠለጥን የነበረው በየገጠሩ ጤና ጣቢያ የሚሠሩ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ነበር። ሐኪም ወደ ሕዝቡ እንዲሄድ ታስቦ ነበር ማለት ነው። አሁን ሪፈር የተጻፈለት ሕዝብ ወደ ሐኪሙ ይመጣል። ምጥ የጠናባት እናት ከደጋ ቀበሌ በቃሬዛ መኪና መንገድ ድረስ ትወርዳለች፤ አምቡላንስ የሚያገኛት እዚያ ነው። በክረምት ጥርጊያው ሲጨቀይ ቃሬዛው ረጅም ይጓዛል። አንድ የድንጋይ ድልድይ ወይም ጥቂት ኪሎ ሜትር ጠጠር መንገድ ከሆስፒታል አልጋ እኩል ሊቆጠር ይገባዋል፤ በጀት ሲያዝ ግን አንዱ የጤና፣ ሌላው የመንገድ ተብሎ ይለያያል።

በከተማው ውስጥ አብዛኛው ሰው በእግሩ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚዘልቀው አገር አቀፍ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ለእግረኛና ለብስክሌት ቅድሚያ ይሰጣል። ብስክሌቱ ሜዳ ላይ ላለችው ባሕር ዳር ያምርባታል፤ ከቀሃ ወደ አራዳ ሽቅብ ፔዳል የረገጠ ግን ጎንደር የእግረኛ ከተማ እንደሆነች ያውቃል። በቅርብ ዓመታት በኮሪደር ልማት የእግረኛ መንገድና መብራት እየተሠራ ነው። ቱሪስት የሚያየውን መሃል ከተማ ማሳመር ክፉ አይደለም፤ ትልቁ የእግረኛ ቁጥር ያለው ግን ተማሪው፣ እንጨት ተሸካሚዋና የቀን ሠራተኛው በሚወጡበትና በሚወርዱበት የዳር ሰፈር ነው።

መንገዱ ሙሉ በሙሉ የእግረኛ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ጥር 10፣ በከተራ፣ ታቦታቱ ከየደብሩ ወጥተው ወደ አፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ለመኪና ቦታ አይኖርም። ሕፃንና ሽማግሌ፣ ነጠላ የለበሰና ካሜራ የያዘ፣ ሁሉም በአስፋልቱ መሃል ይሄዳል። ከሩቅ ወረዳ የመጣው ቀድሞ በአውቶቡስና በቅጥቅጥ ገብቶ ዘመድ ቤት አድሯል። ጥር 12 ቅዱስ ሚካኤል ወደ መንበሩ ከገባ በኋላ ባጃጆቹ ይመለሳሉ፣ እግረኛውም ወደ ጠርዙ።