የእሳት አደጋ ሠራተኞች የጣቢያ ደንብ ልብስ፦ የጨርቁ ደህንነት በአሜሪካ

የጣቢያ ደንብ ልብስ የሚባለው እሳት አደጋ ተከላካዮች ጥሪ እስኪመጣ በጣቢያቸው ለብሰውት የሚውሉት ሸሚዝና ሱሪ ነው። ደወል ሲደወል አይወልቅም፤ ወፍራሙ የእሳት ልብስ ይደረብበታል። የእሳት ልብሱ ሦስት ንብርብር አለው፦ የውጭው ሽፋን፣ ውሃ የማያሳልፈው መሃለኛ ሽፋንና ሙቀት የሚያግደው ገበር። ሙቀቱ እነዚህን ሁሉ አልፎ ከመጣ ቆዳው ጋ ከመድረሱ በፊት የሚያገኘው ያንኑ ስስ ሸሚዝ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ በጎ ፈቃደኛ እሳት አጥፊዎች ቀይ የሱፍ ሸሚዝ ይለብሱ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፖሊስተርና የፖሊስተር ቅይጥ ወደ ደንብ ልብስ ገቡ፤ ዋጋቸው ረክሶ፣ ብዙ መተኮስ ሳይፈልጉ፣ ቀለማቸውም ሳይለቅ ስለሚቆዩ።

ችግሩን ለመረዳት ገበያ ላይ ጨርቅ የሚገዛ ሰው የሚያደርገውን ማስታወስ ይበቃል። ከጠርዙ ክር መዝዞ ይለኩሳል። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ነድዶ አመድ ይሆናል፤ ናይለን ወይም ፖሊስተር ከሆነ ይኮማተርና ጠንካራ ጥቁር እንክብል ይሆናል። ያ እንክብል ቆዳ ላይ ሲሆን ቃጠሎው ይለያል። ፖሊስተር የሚቀልጠው በ250 እና በ260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ነው፤ የቀለጠው ጨርቅ ሥጋ ላይ ተጣብቆ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፣ ሐኪሙም ከቁስሉ ለይቶ ማንሳት ይኖርበታል። በኢራቅ የነበሩ የአሜሪካ ማሪን አዛዦች በ2006 ወታደሮቻቸው ከካምፕ ሲወጡ ሰው ሠራሽ የስፖርት ካናቴራ እንዳይለብሱ የከለከሉት በዚሁ ምክንያት ነው።

ጥጥ ግን አይቀልጥም እንጂ ይነድዳል። ለዚህ ጥሩ መለኪያ አለ፤ አንድ ጨርቅ መንደዱን እንዲቀጥል በዙሪያው ባለው አየር ውስጥ ቢያንስ ስንት በመቶ ኦክሲጅን ያስፈልገዋል የሚለው ነው። የምንተነፍሰው አየር 21 በመቶ ገደማ ኦክሲጅን አለው። ጥጥ 18 በመቶ ስለሚበቃው አንዴ ከተያያዘ ይቀጥላል። ሱፍ ወደ 25 ይፈልጋል። ኖሜክስ የተባለው ሰው ሠራሽ ክር ከ28 እስከ 30፣ ፒ.ቢ.አይ. የተባለው ሌላ ክር ደግሞ ወደ 41 ስለሚፈልጉ ነበልባሉ ሲርቅ በራሳቸው ይጠፋሉ። ኖሜክስን የአሜሪካው የኬሚካል ኩባንያ ዱፖንት በ1960ዎቹ ሠርቶ በ1967 ለገበያ አቀረበው። እሳት የመቋቋም ባሕርዩ ያለው ክሩ ውስጥ እንጂ ላዩ ላይ በተቀባ ኬሚካል ስላልሆነ በአጠባ አይለቅም። ሲሞቅ ወደ ከሰልነት ይለወጣል፣ አይንጠባጠብም።

ለጣቢያ ደንብ ልብስ የተለየ ደረጃ የወጣው በ1985 ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ያወጣው ይህ ደረጃ በቁጥሩ 1975 ተብሎ ይታወቃል፤ ቁጥሩ ዓመተ ምሕረት አይደለም። የደረጃው ዋና ጥያቄ ጨርቁ ነበልባል ሳይነካው በከባድ ሙቀት ብቻ ይቀልጣል ወይ፣ ይንጠባጠባል ወይ፣ ይቀጣጠላል ወይ የሚል ነው። የስፌቱ ክር እንኳ በ260 ዲግሪ እንዳይቀልጥ ይጠየቃል። ይህ ትልቅ ማስተዋል ነው፤ ጨርቁ ችሎ ስፌቱ ቢከዳ ሸሚዙ ብትንትኑ ይወጣልና። ነበልባል የመቋቋም ፈተና ግን በኋለኞቹ እትሞች በምርጫ የሚደረግ ሆነ። ስለዚህ ከጥጥ ብቻ የተሠራ ሸሚዝም የደረጃው ምልክት ሊኖረው ይችላል። ምልክቱ አለ ማለት ጨርቁ አይነድድም ማለት አይደለም፤ መለያ ጽሑፉን እስከ መጨረሻው ማንበብ ያስፈልጋል።

ጥጥ ይሻላል ወይስ ኖሜክስ? ክርክሩ ዛሬም አልቆመም። የጥጥ ወገኖች ሸሚዙ ከእሳት ልብሱ ሥር ስለሆነ ነበልባል አይነካውም፣ ጥጥ ላብ ይመጥጣል፣ ዋጋውም ቀላል ነው ይላሉ። እውነት አላቸው። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች ቤት ሲቃጠል ብቻ አይደለም የሚጠሩት፤ የመኪና አደጋ ቦታ ላይ የእሳት ልብሳቸውን ሳይደርቡ ሰው ሲያወጡ ነዳጅ በድንገት ሊያያዝ ይችላል። በእኔ ሚዛን ይህ አንድ አጋጣሚ ብቻውን ለኖሜክሱ የሚወጣውን ተጨማሪ ገንዘብ ተገቢ ያደርገዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ ጨርቁ ላይ ስላሉት ኬሚካሎች ነው እንጂ ከእሳት ጋር አይያያዝም። ጨርቁ እንዳይጨማደድ የሚደረግበት ሙጫ ብዙ ጊዜ ፎርማልዲሃይድ የሚባል ኬሚካል ያለበት ነው፤ ውሃና ቅባት እንዳይዝ የሚያደርጉት ቅቦች ደግሞ ፒፋስ ከሚባሉት፣ በተፈጥሮ ከማይበሰብሱት ኬሚካሎች ሲሠሩ ኖረዋል። በ2020 የኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እነዚህ ኬሚካሎች ከእሳት ልብሱ የላይኛ ንብርብሮች ወደ ገበሩ እንደሚሸጋገሩ የሚያመለክት ውጤት አወጡ። ገበሩ ደግሞ የሚነካካው ከጣቢያው ሸሚዝ ጋር ነው። ከዚያ ወደ ሰውነት ምን ያህል ይገባል በሚለው ላይ ስምምነት የለም። የአሜሪካዋ ግዛት ማሳቹሴትስ ግን አልጠበቀችም፤ ሆን ተብሎ ፒፋስ የተጨመረበት የእሳት አደጋ ሠራተኞች መከላከያ ልብስ ከጃንዋሪ 1፣ 2027 ጀምሮ እንዳይሸጥ በ2024 ሕግ አወጣች። በዚያው ዓመት የእሳት መከላከያ ማኅበሩ 1975 የተባለውን ደረጃ ከሌሎች ደረጃዎች ጋር 1970 የሚል ቁጥር ባለው አንድ ደረጃ ሥር አጠቃለለው።

ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም በ2022 የእሳት አደጋ ሥራን በቀጥታ ካንሰር አምጪ ከሚባሉት ምድብ ውስጥ አስገባው። ከጭስ የመጣው ጥቀርሻ ከሸሚዙ ጋር ወደ ቤት ገብቶ ከልጆች ልብስ ጋር እንዳይታጠብ በጣቢያው የልብስ ማጠቢያ መኖሩ ተገቢ የሚሆነው ለዚህ ነው። አጠባው ራሱ ጥንቃቄ ይሻል፦ ክሎሪን ያለበት በረኪና የኖሜክስን ክር ያደክማል፣ ማለስለሻውና ለመተኮስ የሚነፋው ስታርች ደግሞ ጨርቁ ላይ የሚቀጣጠል ቅሪት ይተዋሉ።